ቀይ አምፖል የሌለው ሳጥን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሆስፒታሉ ወንበር እየጨረሰሽ ነው? እማዬስ፣ ትንፋሿ ቀለል አለላት? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሌላው ደህና አይደለም፣ ምን እዋሻለሁ።

በደብዳቤሽ ጎረቤታችንን ጋሽ ፒንሳን አምርረሽ ረግመሻል። የላክሁላችሁን ሳጥን ነቅለው ሽቦውን በቀጥታ እንዳገናኙት፣ በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የእማዬ የኦክስጅን ማሽን እንደተቃጠለ ጽፈሻል። ባልሽም ሰላምታ ነስቷቸዋል አሉ።

እስቲ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። ያ ሳጥን ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። መብራት ተንደርድሮ ሲመጣ ምቱን ራሱ ተቀብሎ ዕቃውን ያተርፋል። ምቱ ከበረታ ግን አንዴ አድኖ ይሞታል፤ መብራትም አያሳልፍም፣ በሌላ መተካት አለበት። መጀመሪያ ስሠራው ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ አምፖል ነበረችው፤ ስትበራ ሞቻለሁ፣ ቀይሩኝ ማለቷ ነው። አለቃዬ ዋጋ ታስወድዳለች ብሎ ትውጣ አለ። ሁለት ቀን ተከራከርኩ፤ በሦስተኛው ደከመኝና ፈረምኩ። ንድፉ ላይ ያለው እኮ የእኔ ፊርማ ነው!

ታዲያ ጋሽ ፒንሳ ሳጥኑ አንዴ አድኖ መሞቱን በምን ይወቁ? የተበላሸ ዕቃ መስሏቸዋል። እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ቆመው ሊያዩ ኖሯል? እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ላንቺ በስልክ ጉራዬን ነዛሁ እንጂ፣ እሱ ካለ አታስቡ አልኩሽ እንጂ፣ አንዴ ሠርቶ እንደሚያልቅ መቼ ነገርኩሽ? ምላሴን በቆረጠው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ አምፖሏ ትመለስ ብዬ ለመንኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የዘንድሮው ምርት ተሸጦ አልቋል አለኝ። ስንት ቤት ገብቶ ይሆን? ሥራውን ልተው ብል ማን ያስተካክለዋል፣ ልቆይ ብል ማን ይሰማኛል? ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እትዬ።

ሐኪሞቹ ከእንግዲህ እማዬ ቤቷ እንደማትመለስ እንደነገሩሽ አነበብኩ። የባሰው ግን ለነርሶቹ የልጄ ሳጥን ባይነቀል እዚህ አልተኛም ነበር ማለቷ ነው።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ። ለፍላፊዋን ልጅሽን ናፍቃኛለች በያት፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት። በእኔ መኩራቷን አልቀማትም፣ ሌላ የምሰጣት የለኝም። ጋሽ ፒንሳ ደጅ ሄደሽ ሁሉንም ንገሪያቸውና ይቅርታ ጠይቂልኝ። ከዚያም እማዬ በሕይወት እስካለች ድረስ ጥፋቱን እንዲሸከሙልኝ ለምኚልኝ።

ወንድምሽ
ከሥራ ክፍሌ፣ የካቲት ፲፩ ቀን