አንበሳዋን ከደጃችን ያስነሳሁ ዕለት

ልጄ ሐሚር፣ የጊር ጫካ አምላካችን እመቤት ኮዲያር በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ። የሙስካት ሙቀት አያድክምህ፤ ምሳህንም አትዝለል። አባትህ ደህና ነው፤ ሳሉ ብቻ አልለቀቀውም።

እህትህ ራጂ ሴት ልጅ ተገላገለች። ምጧ ጠንቶባት ወደ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ስንወጣ፣ አንዲት እንስት አንበሳ የቤት ጎሻችንን ጥጃ እሾህ አጥራችን በር ላይ ጥላ ትበላለች። የጥንቱን ቤተ መቅደስ ሊሳለሙ የመጡ እንግዶች ጂፖቻቸውን ደርድረው ፎቶ ያነሳሉ። መውጫ አጣን።

"የኔ ልጅ፣ አንበሳዋን አባርልን፤ ልጅቷ ምጥ ላይ ናት" ብዬ የጫካ ጠባቂውን ለመንኩት።

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ እንግዶቹ እኮ ከሩቅ አገር ነው የመጡት" አለኝ።

"የልጅ ልጄም ከሩቅ ነው የሚመጣው!" አልኩና ዱላዬን አነሳሁ። መሬቱን እየደበደብኩ፣ ጎሽ ስነዳ እንደምጮኸው እየጮህኩ ወጣሁ። አንበሳዋ አየት አደረገችኝና ተነስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ራጂንም ካንዱ ጂፕ እንግዶቹን አስወርደን በእሱው ሐኪም ቤት ወሰድናት።

አሁን ግን ፎቶዬ በየስልኩ ዞሯል አሉ። ጂፖቹ የሚቆሙት እኔን ለማየት ሆኗል። "አንበሳ አባራሪዋ አሮጊት የት አለች?" ይላሉ። አንበሳዋስ ቁጥቋጦ አላት። እኔ በር ዘግቼ እውላለሁ፤ ውሃ እንኳ የሚቀዳልኝ አባትህ ነው፣ ከነሳሉ።

አንተ የስልክ ነገር ታውቃለህና እባክህ ያን ፎቶ አስጠፋልኝ። እምቢ ካሉህም፣ ነጠላዬ ወልቆ ነበርና ፀጉሬን እንኳ እንዲሸፍኑልኝ ንገራቸው። እመቤታችን ኮዲያር መንገድህን ሁሉ ክፍት ታድርግልህ።

እናትህ ጂቪ