የዘይነባ ግለ ሂስ

እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ጅማ

የልጅ ልጄን ዘይነባን በአባቷ ላይ መክሬ ያስነሳኋት እኔ አይደለሁም። ከቀትር ጀምሮ በሰፈሩ የሚወራው ሐሰት ነው። እኔም የሰማሁት ከሌላው ሰው እኩል፣ ስብሰባው ላይ ነው።

ልጄ ጀማል፣ የዘይነባ አባት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ዛሬ በስብሰባው ወጣቶቹን ግለ ሂስ ያስደርግ ነበር። ሌሎቹ ስለ ማርፈድና ስለ ስንፍና ተናገሩ። ዘይነባ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ የገዛ አባቷን። «ለፖለቲካ ትምህርት ሞስኮ እንድሄድ ስመረጥ ደስ ብሎኛል ያልኩት ውሸት ነው። አልሄድም። እዚህ አጠገባችን ሰቃ ከተማ እየሄድኩ በርጩማ መጥረብ እየተማርኩ ነው፤ ሥራዬ እሱ ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «አባት ወንበር ላይ፣ ልጅ ወንበር ሥር» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

እቤቱ እንደገባን ጀማል በሩን ዘጋ። ከዚያ፣ «ነገ ተሳስቻለሁ ብለሽ ካልፈረምሽ ከቤቴ ውጪ» አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች፤ አያቴ ለማለት በኦሮምኛ አኮ ነው የምትለኝ። «አኮ፣ እርስዎም እንደ አባዬ ነዎት?»

አባቴ ሹም፣ ባሌ ሹም፣ ልጄ ሹም። በዚህ ቤተሰብ ምን መሆን እንደሚፈልግ የተጠየቀ ሰው አላውቅም። መጥረቢያ የያዘች ሴትም አይቼ አላውቅም። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ እውነትም ሻክሯል።

ነገ መጀመሪያ እኔ ቤት አልጋ አነጥፍላታለሁ። ቀጥሎ ሰቃ ሄጄ የሚያስተምራትን ሰውዬ ሥራ አያለሁ፤ ሥራው ንጹሕ ካልሆነ ሌላ አስተማሪ እፈልግላታለሁ። ለጀማል የምነግረው ከዚያ በኋላ ነው።