ፕሮፌሰር ፈረንትስ የካ የነበሩበት ዓመት

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1981

ክፍልሽን ልቀቂ ተባልኩ። ከቡዳፔስት ትልቅ ተጋባዥ ፕሮፌሰር ይመጣሉ። ኮሌጁ ውስጥ መስኮቱ ወደ እንጦጦ የሚያየው ክፍል የኔ ብቻ ነው። ኃላፊያችን ዶክተር ኃይለ መስቀል "የመንግሥት እንግዳ ናቸው፣ አሳየች፤ መጋዘን ልናስገባቸው አንችልም" አለኝ። ስለዚህ መጋዘን የምገባው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት የባሕር ዛፍ ዘይት ሳነጥርበት የኖርኩት ክፍል...

መጋዘኑ ባዶ ነው ብሎኝ ነበር። የተሰበሩ ወንበሮች አሉበት። ደህናውን መርጬ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ቦሌ ሄጄ ተቀበልኳቸው። አጭር ሽማግሌ፤ ኮፍያ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት። ፈታሹ ዱቄቱን አሸተተ። ምንም አይሸትም።

"ምንድን ነው?"

"ሳይክሎዴክስትሪን። ከስታርች ነው የሚሠራው... የስኳር ዘመድ ነው" አልኩት።

"ስኳር በቀበሌ ነው የሚታደለው" አለ። ቆርቆሮውን ለማስለቀቅ እስከ ማታ ቆየን።

ኮሌጅ ስንደርስ ዘበኛው አቶ ገብረ ክርስቶስ ስማቸውን ጠየቀኝ። "ፈረንትስ" አልኩት። "ፈረንጅነታቸውንማ አያለሁ፤ ስማቸውን ነው የጠየቅኩሽ።" በመጨረሻ ምን ብሎ እንደመዘገባቸው አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

የመጀመሪያው ንግግራቸው። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። የሙያቸውን ስም በአማርኛ ምን ልበለው? ሌሊቱን ሳስብ አድሬ "ሞለኪውሎች ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩበት ኬሚስትሪ" አልኩት። ጓድ ወልደ ኢየሱስ፣ የፓርቲው ተጠሪ፣ ቀና አለ።

"ሳይጋቡ?"

"ኬሚካዊ ትስስር ሳይፈጥሩ ማለቴ ነው።"

ስለ ዱቄቱ አስረዱ። ሞለኪውሉ እንደ ቀለበት ነው፤ መሃሉ ክፍት። የዘይት ሞለኪውል እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፤ አይተንም፤ አይሸትም። የገባውን እንግዳ ይሉታል። ጓድ ወልደ ኢየሱስ እጁን አወጣ።

"እንግዳው መቼ ነው የሚወጣው?"

"ውሃ ሲነካው።"

"በማን ፈቃድ?"

ይሄን እንዴት ይተረጉሙታል? "የሚያስወጣው ኃይል ምንድን ነው ይላሉ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ረጅም መልስ ሰጡ፤ ሰሌዳው ሞላ። "በራሱ ነው የሚወጣው" ብዬ አሳጠርኩት። ጓድ ወልደ ኢየሱስ ማስታወሻ ያዘ።

ቅዳሜ፣ ጥር 6

ቅጠል ልንለቅም እንጦጦ ወጣን። እሳቸው፣ እኔና የላቦራቶሪ ባልደረባዬ አካሉ። አካሉ ጆንያውን ይዞ ቀደመን። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ ፕሮፌሰሩ ከመንገድ ወጥተው ኮፍያቸውን አነሱ። ለሁሉም። ሴቶቹ ሳቁ።

አማርኛ ጀምረዋል፤ ግን ሁሉንም ሰው "አንተ" ነው የሚሉት። እኔንም። አላረምኳቸውም፤ ምን ያደርጋል?

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ነገሩኝ። በ1949 ቡዳፔስት ውስጥ ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ሲያምፅ ተማሪዎች ለስብሰባ ጠሯቸው። ሄዱ። ተናገሩ። ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ከዚያ የሙጫ ፋብሪካ። በኋላ ደግሞ አልጀርስ ላኳቸው፤ ከዚያ ሃኖይ፣ ከዚያ ሃቫና። ሁልጊዜ ተጋባዥ ፕሮፌሰር።

"ሩቅ በላኩኝ መጠን ማዕረጌ ያድጋል" አሉ። "ለአዲስ አበባ 'ክቡር' የሚል ተጨመረልኝ።"

"አገርዎስ?"

"እዚያ እንዳስተምር አይፈልጉም።"

እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። ከዚያ ድንገት "አንተ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

"መውጣት" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ለእናቴ እንኳን ብዬው አላውቅም። እሳቸው አልገረማቸውም። ቡዳፔስት ላይ ለዶክትሬት አንድ ቦታ ሊያገኙልኝ ይችላሉ፤ ዶክተር ኃይለ መስቀል ግን መፈረም አለበት።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ሠራ። ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሰን፣ ዘይቱን ጨምረን፣ በሙቀጫ እያሸን... ሲደርቅ ምንም አይሸትም። እንደ በሶ ዱቄት ነው። ትንሽ ለእናቴ ወሰድኩላት፤ ሳሏ ብሶባታል። ሰፈራችን ሲግናል ከሰዓት በኋላ አቧራው አያስተነፍስም።

"ይሄ ነው የስድስት ዓመት ሥራሽ?" አለች፤ አሸተተችው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣልኩላት። ቤቱ በአንዴ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ። ተጎንብሳ እንፋሎቱን ሳበች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከእንፋሎቱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ዶክተር ኃይለ መስቀል ፈረመ። ለመስከረም ቡዳፔስት።

እናቴን እንዴት ልንገራት?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ጀኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ ይባላል። ከመሃል ከተማ ተኩስ ይሰማል። ላቦራቶሪው አልተከፈተም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

አልተሳካላቸውም። ሾላ ገበያ ግማሹ ተከፍቷል። ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ሽንኩርት ይገዛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 14

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ኮሌጁ ዝግ ነው ተብሎ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን የነጠረው ዘይት እንዳይበላሽ ብለው መጡ። እኔም። ረፋድ ላይ ተማሪዎች በሩ ጋ ተሰብስበው ስለ ጀኔራሎቹ መፈክር ማሰማት ጀመሩ። ብዙም አልቆየም፤ የወታደር መኪና መጣ። ጩኸት... ሩጫ... የላቦራቶሪው በር ተበረገደ። የገቡት ግማሹ የኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ግማሹን አላውቃቸውም። አንዳንዱ ጫማ የለውም። በለጡ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ፣ ከግንባሯ ደም ይፈስሳል። ሁሉም ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

ፕሮፌሰሩ በመስኮት አዩ። ከዚያ ጠመኔ አነሱ።

"ጠረጴዛ ሥር ያለ ሰው ማስተማር አልችልም በላቸው" አሉኝ። "ይቀመጡ።"

ተረጎምኩ። ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ ቀለበቱን መሳል ጀመሩ። ለበለጡ ነጠላዬን ሰጠኋት። አንድ ሃምሳ አለቃ ሲገባ ስለ ስታርች እየተናገሩ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ትምህርት ነው" አልኩ።

"ዛሬ?"

"ተጋባዥ ፕሮፌሰር ናቸው። ከሃንጋሪ፣ ከወዳጅ አገር። የሚሄዱበት ጊዜ ስለደረሰ ያመለጠውን እያካካስን ነው።"

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "በአማርኛ አድርጊው" አለ።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። እንግዳው ይገባል፤ ልኩ ከሆነ ይቀመጣል። ማንም አላሰረውም፤ ግን አይወጣም። ሃምሳ አለቃው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አየ።

"ለምንድን ነው የማይጽፉት?"

ደብተር የያዘ የለም። ፕሮፌሰሩ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወደ እሱ ዞረው በራሳቸው አማርኛ "መጀመሪያ ስማ። ከዚያ ጻፍ" አሉት።

ሊስቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። ከዚያ በለጡን አየ።

"እሷ ምን ሆና ነው?"

"ብርጭቆ ፈንድቶባት" አልኩ። "ኬሚስትሪ ነው።"

ትኩር ብሎ አየኝ። ወጣት ነው፤ ከተማሪዎቹ ብዙም አይበልጥም። "ተጠንቀቁ" ብሎ ወጣ። በሩን ክፍት ተወው።

ፕሮፌሰሩ መኪናው እስኪሄድ አላቆሙም። ከሄደም በኋላ አላቆሙም። ልጆቹ አንድ በአንድ በጓሮ በር ወጥተው ሲያልቁ ነው ጠመኔውን ያስቀመጡት። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጨልጠው ጠጡ።

"ያኔ ቡዳፔስት ንግግር አደረግኩላቸው" አሉ። "ማስተማር ነበረብኝ።"

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ተጠራሁ። ጓድ ወልደ ኢየሱስ፣ ዶክተር ኃይለ መስቀልና የማላውቀው ሰው። በዝግ ኮሌጅ ትምህርት የጠራው ማነው?

ከመግባቴ በፊት ዶክተር ኃይለ መስቀል ኮሪደር ላይ ይዞኝ ነበር። "ፕሮፌሰሩ ናቸው በይ። እሳቸውን ምንም አያደርጓቸውም፤ ይሸኟቸዋል፤ አለቀ። መስከረም ላይ አንቺም ትሄጃለሽ።" ክፉ ሰው አይደለም። ያለው ሁሉ ልክ ነበር።

ግን እሳቸው ናቸው ካልኩ፣ እንግዳ በራሱ ተማሪ ስለማይጠራ፣ ተማሪዎቹ ከሰልፍ ሸሽተው የገቡ ይሆናሉ። እኔ ነኝ ካልኩ ተማሪዎቼ ናቸው።

"የጠራኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "ከመዘጋቱ በፊት የቀጠርኳቸው የማካካሻ ትምህርት ነበር። መሰረዝ ነበረብኝ፤ አልሰረዝኩም።"

"ሁሉም ያንቺ ተማሪዎች ናቸው?" አለ የማላውቀው ሰው።

"ሁሉም።"

ዶክተር ኃይለ መስቀል ጣሪያውን ያይ ነበር። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ "በፕሮግራሙ ላይ ነበረ፤ አስታውሳለሁ" አለ። ከሱ አልጠበቅኩም። እሱም ከራሱ የጠበቀ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 29

ከተማሪዎቹ የተወሰደ የለም። ወደ ቡዳፔስት አካሉ ይሄዳል። እኔ ለጊዜው ከአገር መውጣት አልችልም። "ለጊዜው" ስንት ነው? አልተባለም።

አካሉ መጋዘን መጥቶ በር ላይ ቆመ። "ያንቺ ነበር" አለ።

"አሁን ያንተ ነው። ወፍራም ካፖርት ግዛ።"

ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። ዕቃ እያጠብኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 9

ፕሮፌሰሩ ቤታችን መጡ፤ የኛ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ይይዛል። በ1949ኙ አመፅ ምክንያት የተገደሉትን ሰዎች ዛሬ አገራቸው በክብር እንደገና ይቀብራል። ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ...

"ምን ሆኑ?" አለች እናቴ።

"አገራቸው ቀብር አለ።"

የዘመድ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ። ሬዲዮው እስኪያበቃ አልተነሳችም። ሲሄዱ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" አለቻቸው። ተርጉሚልኝ አላሉኝም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 10

ተሸኙ። "ሥራቸውን ከታቀደው ጊዜ አስቀድመው በብቃት በመፈጸማቸው" ተባለ። ጓድ ወልደ ኢየሱስ ጦርና ጋሻ ሸለማቸው። ቦሌ ላይ ፈታሹ ጦሩን አላሳልፍም አለ።

ስንሰነባበት "አይዞህ" አሉኝ።

"ለኔ አይዞሽ ነው የሚባለው።"

ቆም ብለው አሰቡ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አስተካክለው አሉኝ። ጦሩን እኔ ይዤ ተመለስኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ቦታ ለቀቀልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1982

ዝናብ ሳይታሰብ ጣለ። ኮሌጁ ከተከፈተ ሰነበተ። የፕሮፌሰሩን ትምህርት እኔ ነኝ የማስተምረው፤ ሌላ የሚችለው ሰው ስለሌለ።

ጠዋት ዶክተር ኃይለ መስቀል አስጠራኝ፤ ስልክ። መስመሩ ይንሿሿል። ፕሮፌሰሩ ናቸው። የድሮው ዩኒቨርሲቲያቸው መልሶ ቀጥሯቸዋል፤ ተጋባዥ አይደሉም፤ ማዕረጉ አጭር ነው አሉ። ተማሪዎቹ ብዙ ይጠይቃሉ። አካሉ ደህና ነው፤ ካፖርቱ ግን ቀጭን ነው። የአገራቸው በር አሁን እየተከፈተ ነው፤ ለኔም ሌላ ቦታ ሊፈልጉልኝ ይችላሉ፤ አንድ ዓመት ይፍጅ ሁለት አያውቁም።

"ትመጫለሽ?"

ይሄን አምና ቢጠይቁኝ መልሱ ሳያልቁ ነበር የሚደርሳቸው። በመስኮቱ ተማሪዎቹ በዝናቡ ወደ ክፍል ሲሮጡ አየሁ። ጠፋሁባቸው መሰለኝ፣ ስሜን ደጋገሙ።

"ልመጣ እችላለሁ" አልኳቸው። "አሁን ግን ክፍል አለኝ።"

ዶክተር ኃይለ መስቀል ስልኩን ሲቀበለኝ "ምን አሉ?" አለ። "ደህና ናቸው" አልኩት።

ክፍል ስገባ ግማሹ በዝናብ በስብሷል። በለጡ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ዛሬ ውሃ ለምን እንግዳውን እንደሚያስወጣ ጀመርን። አንዱ ጠየቀ፤ ሌላዋ እሱን ተቃወመች፤ እኔ ሁለቱንም... ሰሌዳው ሞልቶ አጠፋሁ፤ እንደገና ሞላ።

የመውጫው ደወል ተደውሎ ነበር፤ አልሰማሁም። እነሱም አልነገሩኝም።