ግሬደር ያልነካው ቢጫ አበባ

አያታችን ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በረሃው ዳር በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል፤ ያቋረጡት ሰንፈው ሳይሆን አባታቸው ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ስለሞቱ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የግሬደር ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የመሥሪያ ቤቱን ምግብ አብሳይ አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ሥራቸው የበረሃውን መንገድ ጠርዝ መጥረግ ነበር። እዚያ ጠርዝ ላይ፣ ካፊያ ካለፈ በኋላ፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ሳለ ቢጫ አበባ ይወጣል። ያን ጊዜ ንቦች ሌላ የሚቀስሙት የላቸውም። ኤሊዎች ቅጠሉን ይግጣሉ፤ ትንንሾቹ ወፎች ዘሩን ይለቅማሉ፤ ጥንዚዛ ሳይቀር አበባው ውስጥ ያድራል። አያታችን ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡም፤ እዚያው ቁጭ ብለው ምሳቸውን ሲበሉ ያዩት ነው። ስለዚህ አበባው ዘሩን እስኪያራግፍ የግሬደሩን ስለት ከፍ አድርገው ያልፉ ነበር።

ባልደረቦቻቸው «የንቦች ጠበቃ» እያሉ ሳቁባቸው። አለቃቸው ግን አልሳቁም፤ «ሰውዬ፣ አረም እንድትንከባከብ ነው የቀጠርንህ?» ብለው ግሬደሩን ቀሟቸውና የጎማ መጋዘን ጠባቂ አደረጓቸው። አሥራ አንድ ዓመት ጎማ ጠበቁ፤ ጎማ ደግሞ እንደሚታወቀው የትም አይሄድም። ተተኪው ሹፌር ጠርዙን ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። የተረፈው፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አያታችን በአሮጌ ጎማ ያጠሩት ቁራጭ መሬት ብቻ ነው።

ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ «አባባ፣ ለአረም ብሎ ከአለቃው የሚጣላ ሰው አለ?» ብትላቸው፣ «አረም ነው ያለሽ ማነው? ሂጂና ኤሊዋን ጠይቂያት» አሏት። ሄዳ ጠየቀቻት። ኤሊዋ አፏ ሞልቶ ስለነበር አልመለሰችም።

የመንገዱ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶት ሦስት ወር ተኙ። በመጨረሻ ያቺኑ የልጅ ልጃቸውን «አበባውን ዘሩን እስኪጥል ጠብቂልኝ» ብለው አደራ አሏት፤ እሺ አለች። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ እጇን እንደያዙ አረፉ።

እሷ አልጋቸው አጠገብ ስታለቅስ፣ መሥሪያ ቤቱ ክብር ሊሰጣቸው አስቦ ጎማዎቹን ገለል አድርጎ አበባውን ከሥሩ አጨደና የአበባ ጉንጉን አሠራላቸው። አሁን ሳጥናቸው ላይ የምታዩት እሱ ነው። አለቃቸው «የሚወዱት አበባ ነው» ብለው በገዛ እጃቸው አኖሩት። እናመሰግናለን ማለት ግድ ሆነብን።

አያታችንን የሚያለቅሱላቸው ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ረቡዕ ዕለት መጥተው ባዶ ጎማ ዞረው የተመለሱት ንቦች ናቸው።

ጉንጉኑ መቃብሩ ላይ አይቀርም። አደራውን የተቀበለችው የልጅ ልጃቸው ወደ ጎማዎቹ መሃል ትመልሰዋለች፤ ዘር የቋጠረ አንድ እንኳ ካለ እዚያው ይርገፍ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማያጭድበት ቦታ ያሳርፍልን።