ከበቆሎው ማሳ የመጣው ጩኸት

ይድረስ ለውድ ልጄ ለፋሂም፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንዴት ሰንብተሃል? የሃምቡርግ ጉንፋን ደረትህን ለቀቀልህ ወይ? ጉሮሮህስ? የጉሮሮህን ነገር አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ፤ እመለስበታለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ በርትቶ የቦሳ ኪቶ መንገድ ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ እንኳ እስከ በራችን አይመጣም።

«እማዬ ለምን ስልክ አታነሳልኝም?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሳላጣራ መመለስ ስላልፈለግሁ ዘገየሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው አኒስ ስለ ሙዚቃ ቡድናችሁ አልበም የተጻፈ ሒስ በስልኩ አስተርጉሞ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቁ በር ላይ ለእናትህ አነበበላት። ሐያሲው ድምፅህን አወድሶ ሲያበቃ፣ በመጀመሪያው ዘፈን «ዘፋኙ ጋኔንን እየደጋገመ ይጠራል» ይላል። እናትህ የመረጠችውን ሻሽ እዚያው ትታ መጣች። «ሸይጧንን በሚጠራበት አፉ እኔን እማዬ አይበለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

እኔ ደግሞ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ማርክ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚደፉ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ስሰማው ግን ሥርዓት አለው። ከበሮው አይዛነፍም፤ ጊታሮቹም ሲሻሙ ቆይተው ቦታቸው ላይ ይገናኛሉ። ስለ ጎርፍ የምትለዋ ዘፈን ድንገት ረግታ ድምፅህ ብቻውን ሲቀር፣ የያዝኩት ሻይ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዴዝ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ስሙ ሞት ይሁን እንጂ እኔስ የሰማሁት ሰው ሲታገል ነው። ደስ ብሎኛል፤ ኮርቻለሁም።

ሐያስያኑን ደግሞ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኳቸው። «የዓመቱ ምርጥ» ያለው አላጋነነም። የመሀሉ ዘፈን ይንዛዛል ያለውም ልክ ነው፤ አትቆጣ፣ ሌላ ጊዜ አሳጥር። የጋኔኑ ጸሐፊ ጋ ስደርስ ግን ቀይ እስክሪብቶዬ ናፈቀኝ። በእነሱ ቋንቋ ጋኔን «ዴሞን» ነው። አንተ ያልከው «ዴሚ» ነው! «ያ ጃልዴሳ፣ ዴሚ!» ሰኮሩ የነበረው አጎትህ አባ ራያ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በቆሎውን ሲጠብቅ ከማማው ላይ ይለቀው የነበረው ጩኸት ነዋ። ትምህርት ሲዘጋ አብረኸው ማማው ላይ ትውል አልነበር? በኦሮምኛ «አንተ ዝንጀሮ፣ ሂድ!» ያልከውን ነው ሰውየው ጋኔን መጥራት ያደረገው። በማያውቀው ቋንቋ ደፍሮ ፈረደ።

እናትህን አስቀምጬ የዚያን ዘፈን መጀመሪያ ብቻ ከፈትኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ጩኸቱ ሲመጣ ዞረች።

«የወንድሜ ነው» አለች። «የአባ ራያ ነው። እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጨረሻውን ግን ቆርጦታል። እንዲህ ከጮኸማ ጃልዴሳው ቁጭ ብሎ በቆሎውን ይልጣል!» አለችና ጓሮ ወጥታ ራሷ ለቀቀችው። ወላሂ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። አኒስ ሽርጡን እያጠበቀ እየሮጠ መጣና «ምን መጣባችሁ?» ቢል፣ «አንተ የተረጎምከው ጋኔን ነዋ!» አለችው። ምስኪን፣ ያን የተተወ ሻሽ በማግስቱ ራሱ ይዞላት መጣ።

ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውል። እኔ አላነሳም። ጉሮሮህን በማር አለስልሰህ ጠብቅ፤ የጩኸቱን መጨረሻ እስክታስተካክል እናትህ የምትለቅህ አይመስለኝም።

ለባለቤትህ ለሩፈይዳ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የልጅ ልጄን ትንሿን ዩምናን ግንባሯን ሳምልኝ። ከበሮ መቺውን፣ አንድ ጡረተኛ መምህር አድንቆሃል በለው። አኒስ በሐፍረት ሰላም ብሎሃል። እናትህም ሰላም ብላሃለች፤ «እማዬ ይበለኝ» ብላሃለች።

አባትህ ቲጃኒ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ነሐሴ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.