ሁለት ትእዛዝ የደረሳቸው ጄኔራል ኦቶካር ሬዝኒክ

ጄኔራል ኦቶካር ሬዝኒክ ከአባታቸው ከኮርቻ ሰፊው ማትያስ ሬዝኒክና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሎይዚያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1861 በኦልሙትዝ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቼክኛ፣ እናታቸው ጀርመንኛ ስለሚናገሩ በሁለቱም ቋንቋ አፋቸውን ፈቱ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ካዴት ትምህርት ቤት ገብተው በ1881 በምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ተመረቁ። በቦስኒያ፣ በትሪየስተና በሌምበርግ ሲያገለግሉ በየሄዱበት የወታደሮቻቸውን ቋንቋ ይማሩ ነበር። ወታደሮቹም፣ “እኚህ ሰው በአምስት ቋንቋ ይቆጣሉ፤ በአንዱም አይሳደቡም” ይሏቸው ነበር።

በ1890 ከፒያኖ አስተማሪዋ ከወይዘሮ ሄርሚነ ሻለር ጋር በግራትስ ጋብቻ መሥርተው ኤጎንና ክላራን ወለዱ።

በ1914 በጋሊሺያ ግንባር ብርጌድ ይመሩ ነበር። ከበላይ አዛዣቸው የተላከ ፈረሰኛ ወንዙን ሳይለቁ እንዲይዙ ነገራቸው። በስልክ ደግሞ ድልድዩን አፍርሰው እንዲያፈገፍጉ ታዘዙ። የትኛው ትእዛዝ የኋለኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ መስመሩ ተቋረጠ። ጠላት በጎን እየከበባቸው ስለነበር ማፈግፈጉን መረጡ። የኋላ ደጀኑ በሙሉ ተሻግሯል ሲባሉ ድልድዩን አስፈረሱ። ልጃቸው ምክትል መቶ አለቃ ኤጎን ግን ቁስለኞች ለማንሣት ወደ ማዶ ተመልሶ ነበር።

ብርጌዱ ከመከበብ ዳነ፤ እርሳቸውም ተሸለሙ፣ በማዕረግም ከፍ አሉ። ኒሻኑን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው፣ “ሄርሚነ፣ የትኛውን ትእዛዝ ስለፈጸምኩ እንደሸለሙኝ አልነገሩኝም” አሏቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱም ግዛቱም አልነበሩም። ኦልሙትዝ ሲሄዱ ጀርመን፣ ግራትስ ሲመለሱ ቼክ ይሏቸው ነበር። ወደዚያ ወንዝም በባቡር ሄደው የመንደሩን ሰው ጠየቁ። አንዱ ኤጎን ተማርኮ ወደ ምሥራቅ ሲነዳ አይቻለሁ አላቸው፤ ሌላው ስም የሌለው መቃብር አሳያቸው። ማንን እንደሚያምኑ ሳያውቁ ተመለሱ።

ጄኔራሉ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1929 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ ኤጎንን ቀድመው ካለፉት ጋር እንቍጠረው ወይስ ካሉት ጋር የሚለው ቤተሰቡን ግራ አጋባ። ወይዘሮ ሄርሚነን ስንጠይቃቸው፣ “እኔ አልቀበርኩትም። ከእኔ ጋር ጥሩት” አሉን።

ስለዚህ ጄኔራል ኦቶካር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሄርሚነን፣ ልጃቸውን ኤጎንን፣ ልጃቸውን ክላራንና የልጅ ልጃቸውን ዮሃናን ትተው ተለይተውናል። የቱ መንገድ ትክክል እንደነበር ሳይነገራቸው ያለፉትን የጄኔራሉን ነፍስ፣ እግዚአብሔር ራሱ መንገድ ይምራት።