ስለ ውሰት ጎማዬና አሻራዬን ስላልሰጠሁበት ወረቀት

ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶንሩ መኪና አስመጪና ሻጭ ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተያዘችብኝ ጎማ እንድትመለስ፣ የወ/ሪት ሙኒያ ኑሪ መኪና ዋስትና እንዲጸናና ስሜ ከሐሰት ውንጀላ እንዲነጻ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች ጌጤ ቦና እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ አራት ነው። በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ መያዣ ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ ለሠላሳ አንድ ዓመት ጎሚስታ ሠርቻለሁ፤ ዛሬም እየሠራሁ ነው። ሥራውን የጀመርኩት ከባለቤቴ ከገለታ ጋር ነው። እሱ ካረፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህን የምገልጸው ድርጅትዎ ለወ/ሪት ሙኒያ በጻፈው ደብዳቤ «ፈቃድም ሙያም የሌላት አንዲት ግለሰብ» ብሎ ስለጠራኝ ነው። ፈቃዴ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቅጂው ተያይዟል። ሙያዬን በተመለከተ ይህን ዳገት የሚወጣ ማንኛውንም ሹፌር መጠየቅ ይቻላል።

1. ጎማዋ ምን እንደሆነች

የድርጅትዎ መኪና በሰፈራችን መታየት የጀመረችው የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። በሯ ሲዘጋ የቆርቆሮ ሣጥን ትመስላለች አሉ። ቆይቶ ግን ዋጋዋ ቀለል ማለቱንና በኤሌክትሪክ ስለምትሄድ ለነዳጅ ሰልፍ አለመቆሟን አዩና ወደዷት። አሁን በደጄ ከሚያልፉት ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ የእርስዎ ናቸው። ደስ ይበልዎት። እኔም ከዚህ ሥራ አግኝቻለሁ።

መኪናዋ ግን ትርፍ ጎማ የላትም። ከኋላ ምንጣፉ ሲነሣ የጎማ ቦታ አለ፤ እዚያ የተቀመጡት ግን አንድ የጎማ መድፈኛ አረፋ ጠርሙስና አንዲት ትንሽ መንፊያ ብቻ ናቸው። ምስማር ለወጋው ጎማ አረፋው ይሠራ ይሆናል። የቁስቋም ዳገት ኮብልስቶን ግን ጎማን አይወጋም፤ ጎኑን ይቀደዋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ የጠጣውን አረፋ መንገድ ላይ ይተፋዋል። ሹፌሩ ዳገት መሐል ቆሞ ይቀራል፤ እኔም ከጎማው ውስጥ ያንን ዝልግልግ በጨርቅ ስጠርግ እውላለሁ።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ዶንሩን የጭነት መኪና ደፈጠጣት። ባለቤቷ ያልተነካች አንዲት ጎማዋን ከነቸርኬዋ ሸጠልኝ። የሽያጭ ወረቀቱ ተያይዟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ጎማ የሰፈሩ ትርፍ ጎማ ሆነች። ጎማው የተቀደደበት ሰው ይደውልልኛል ወይም ሰው ይልክብኛል፤ የእኔን አስሮ ሥራው ላይ ይውላል፤ የእሱ እኔ ጋ ይጠገናል፤ ሲጨርስ መጥቶ ይቀይራል። የማስከፍለው ጥገናውን ነው እንጂ ውሰቱን አይደለም። የተዋሰውን ሰው ስም ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሲመልስ አላጠፋውም፤ መስመር አሰምርበታለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን የምለውን ልብ ይበሉልኝ። ሰው መኪናዎን ከመግዛቱ በፊት ወደ እኔ ይመጣል። «እትዬ ጌጤ፣ ዶንሩ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይለኛል። «ግዛ፤ ጎማህ ቢቀደድ የእኔ አለችልህ» እላለሁ። ሄዶ ይገዛል። በጉለሌ የተሸጡትን መኪኖች በሙሉ ማስታወቂያዎ የሸጣቸው ከመሰለዎት ተሳስተዋል። ከእነሱ ብዙዎቹን የሸጠችው ዛሬ መጋዘንዎ ውስጥ የተቆለፈባት ጎማ ናት።

2. ጎማዋ ለምን እንደተያዘች

ሙኒያ ኑሪ አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላቸው የአቶ ኑሪ ልጅ ናት። ዶንሩዋን ገዝታ ራሷ ትነዳለች። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሦስት ሰዎችን ከቁስቋም ጳውሎስ ሆስፒታል ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። ሰኔ 11 ቀን ጠዋት፣ ታካሚዎቹ ተሳፍረው ሳለ፣ ጎማዋ ተቀደደ። ጎማዬን ይዤ ወጣሁና አሰርኩላት፤ ሰዎቹ ሰዓታቸው ሳያልፍ ደረሱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በድርጅትዎ የጥገና ክፍል ቀጠሮ ነበራት። ባትሪው ሞልቶ አድሮ ጳውሎስ ደርሳ እስክትመለስ ከግማሽ በታች ይወርድባታል። አራት ወር ሙሉ ስታመለክት የኖረችው ይህንኑ ነው። የራሷን ጎማ ጠግኜ ስለነበር «ነይ ልቀይርልሽ» አልኳት። «ቀጠሮዬ ያልፋል፣ ስመለስ ይቀይሩልኛል» ብላ ሄደች። ጥፋት ካለ ጥፋቷ ይኸው ነው፤ ቀጠሮዎን ማክበሯ።

የጥገና ክፍልዎ ባትሪውን ከማየቱ በፊት የጎማዎቹን ቁጥር ከመዝገብ ጋር አመሳከረ። የአንዷ ቁጥር የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ባትሪውን ያየ ሰው የለም። ጎማዬ «ማስረጃ» ተብላ ተፈታች። መኪናዋ ግቢዎ ውስጥ በክሪክ ተደግፋ ቆማለች። ዋስትናዋ «ምንጩ ያልታወቀ መለዋወጫ በመግጠም» ተብሎ ተሰረዘ።

ጎማ ባትሪ አይጨርስም። ይህን ለማወቅ ጎሚስታ መሆን እንኳ አያስፈልግም። ባትሪው ጎማው ከመቀደዱ አራት ወር በፊት እንደታመመ የሚያሳዩት ማመልከቻዎች በራስዎ ማኅተም ገቢ የተደረጉ ናቸው።

ሙኒያ ሁለት ወር ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። ታካሚዎቹም ዛሬ የሚሄዱት በታክሲ ሰልፍ ነው። ከእነሱ አንዷ ወ/ሮ ሾዴ ባለፈው ማክሰኞ ከእጥበት ሲመለሱ መቆም አቅቷቸው ዝናብ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደግፌ ወደ ጎሚስታዬ አስገባኋቸው። «ያች ነጯ መኪና ዳነች ወይ?» ብለው ነው የጠየቁኝ፤ የታመመችው መኪናዋ ይመስል።

3. ወረቀቱ

ሐምሌ 2 ቀን ሂሻም የሚባለው የሽያጭ ሠራተኛዎ ወደ እኔ መጣ። ዝናብ ስለነበር ወንበር ሰጠሁት። ከቦርሳው አንድ ወረቀትና የማኅተም ቀለም አወጣ።

«እማማ፣ ጎማዎ እንድትመለስልዎ ነው። እዚህች ጋ አውራ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉልኝ» አለኝ። ጥቀርሻ የለበሰ እጄን አየና «እርስዎስ ቀለሙም አያስፈልግዎትም» ብሎ ሳቀ።

እጄን ጠረግሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ፣ ወረቀቱን አነበብኩ። ሳነብ ቀስ ብዬ ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ጌጤ ቦና ምንጩ ያልታወቀ ጎማ በተሽከርካሪው ላይ መግጠሜን፣ በዚህም በተሽከርካሪው ላይ ለደረሰው ብልሽት ምክንያት መሆኔን አምናለሁ።» ስለ ጎማዬ መመለስ አንድ ቃል የለበትም።

«አንተ፣ ይሄን አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ፎርም ነው እኮ እማማ፣ ሁሉም ሰው ይፈርማል።»

«እኔ ሁሉም ሰው አይደለሁም» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዋናው እኔ ጋ ነው፤ ለእርስዎ የላክሁት ቅጂውን ነው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ገለታ በሞተ በአርባኛው ቀን ወንድሙ እንዲሁ ወረቀትና ቀለም ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የመብራት ቆጣሪውን ስም ማዛወሪያ ነው አለኝ። ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ ፊደልም አልቆጠርኩም ነበር፤ ጣቴን አሳረፍኩ። የተዛወረው ቆጣሪው ሳይሆን ከጎሚስታው ጀርባ ያለው ሁለት ክፍል ቤታችን ነበር። ብከስስ ዳኛው አሻራውን አሳዩኝ። የእኔ ነው፤ ምን እላለሁ? ዛሬም በየጠዋቱ ጎሚስታዬን ስከፍት የገዛ ቤቴን መስኮት ከጀርባ አየዋለሁ፤ ሌላ ሰው ተከራይቶታል። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ የልጅ ልጄን ከምታህል መምህርት ፊት ሀ ሁ ብዬ የቆጠርኩት ሌላ ወረቀት ሲመጣ ራሴ እንዳነበው ነው። የመጀመሪያ ጽሕፈቴ ጎማ ላይ ነበር፤ በጠመኔ፣ የባለጎማውን ስም። ሌላው ወረቀት አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ ያመጣውም የእርስዎ ድርጅት ነው።

በሂሻም ላይ ቂም የለኝም፤ በላከው ላይ እንጂ። ባለፈው ኅዳር ለማሳያ በሚነዳት ዶንሩ ሁለት ገዢዎች ይዞ ቁስቋም ሲወጣ ጎማው ተቀደደ። አረፋውን ቢሞላ አረፋው ጫማው ላይ ፈሰሰ። እያለከለከ መጣ፤ ጎማዬን አሰርኩለት። «እማማ፣ ዛሬ እኮ ከጉድ አወጡኝ!» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ሁለቱም ሰዎች መኪናውን ገዙ። የሂሻም ስም ግድግዳዬ ላይ ሃያ ሰባተኛው ነው፤ መስመርም ተሰምሮበታል፣ በሰዓቱ መልሷልና። ያን ዕለት ጎማዬ በእርስዎ መኪና ላይ ታስራ ለእርስዎ ገበያ ስትሠራ ምንጯን የጠየቀ አልነበረም።

4. ስለ ገበያዎ

ድርጅትዎ በሬዲዮ «ገበያውን እየመራን ነው» ሲል እሰማለሁ። እንዴት መርቶ እንደሚቆይ ማንም አልጠየቀኝም። ቢሆንም እናገራለሁ፤ የእርስዎ መሐንዲሶች መኪናዋን የሚያዩዋት አዲስ ሳለች ነው፣ እኔ የማያት ዳገት ላይ ስትቀር ነው።

ሰው በዋጋዋ ብሎ ገዛት። ነገ ከእሷም የረከሰች ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ዋጋዎ አያድንዎትም። የአዲስ አበባ ሰው መኪና ሲገዛ የሚሸጥበትን ቀንም እያሰበ ነው። የሙኒያ መኪና በቆመች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ዶንሩውን ሊሸጥ ደላላ ጋ ወሰዳት። ደላላው «ይቺ ዋስትናዋ በጎማ የሚሰረዝባት አይደለችም?» ብሎ ከበሩ መለሰው። ወሬው ከእኔ አልወጣም። ግቢዎ ውስጥ በክሪክ የቆመችውን መኪና አጥር ላይ ሆኖ የሚያይ ሁሉ ያወራዋል።

ባዶውን የጎማ ቦታ ጎማ ያስቀምጡበት። አንድ ጎማ የፈለገ ሰው መርከብ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ መለዋወጫውን እዚሁ ነጠላ ነጠላውን ይሽጡ። የዋስትናውን መጽሐፍ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ያሳትሙት፤ ሙኒያ ዲግሪ አላት፣ እሷም እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። እኛን ጎሚስታዎችንና ጋራዦችን እንደ ሌባ ከመቁጠር ጠርተው ያስተምሩን። መኪናዎ ከተሸጠች በኋላ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ሹፌሩ ሲጨነቅ የሚያየው የእኛን ፊት ነው፤ ፊታችንን ካጠቆርን ቀጣዩን አይገዛም።

ለዚህ ምክር ክፍያ አልጠይቅም። የምጠይቀው የራሴን ነው።

5. ጥያቄዬ

ሀ. የሙኒያ ኑሪ ዋስትና ጸንቶ ባትሪው እንዲታይ፣ መኪናዋም እንድትሰጣት፤
ለ. «ፈቃድም ሙያም የሌላት» የሚለው ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ እንዲሻር፣ ቅጂውም እንዲደርሰኝ፤
ሐ. ጎማዬ መጀመሪያ እስከወጣችበት ቦታ ድረስ፣ ማለትም እኔ ጋ፣ እንድትመጣ። እኔ ልወስዳት አልመጣም። ያዋስኩትን ነገር ለምኜ ተቀብዬ አላውቅም።

እስከ ጳጉሜ 3 ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ደብዳቤ፣ ያልፈረምኩትን ወረቀት ጨምሬ፣ ለሸማቾች ጥበቃ አቀርባለሁ። እስከዚያው «ዶንሩ ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አልዋሽም፤ ክፉም አልናገርም። ግድግዳውን አንብብ እለዋለሁ።

በግድግዳዬ ላይ ሰባ አራት ስም አለ። ሰባ ሦስተኛው የሙኒያ ነው፤ እሷ ጎማዬን አላስቀረችምና መስመር አሰምሬበታለሁ። ከሥሩ ሰባ አራተኛ አድርጌ የድርጅትዎን ስም ጽፌያለሁ፤ ጎማዬ ዛሬ ያለችው እሱ ጋ ነውና። ከሰባ አራቱ መስመር ያልተሰመረበት እሱ ብቻ ነው። ጎማዬን ሲያመጡ ጠመኔውን ከግድግዳው ሥር ያገኙታል፤ መስመሩን ራስዎ ያሰምሩት።

ከሰላምታና ከማይቋረጥ ጥበቃ ጋር፣

ጌጤ ቦና
(በገዛ እጄ ጽፌ የፈረምኩት)

ግልባጭ፦
ለወ/ሪት ሙኒያ ኑሪ
ለጎሚስታዬ በር፣ በትልልቅ ፊደል